«ከቤቴ ልሥራ» ብሎ መጠየቅና የእምቢታው ዳኛ

ለመሆኑ ሰው ለመጠየቅ ሕግ ያስፈልገዋልን? የእንግሊዝ ፓርላማ በ2002 ያወጣውን የሥራ ቅጥር ሕግ ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ሕጉ ትንሽ ልጅ ላለው ሠራተኛ የሰጠው የሥራ ሰዓቱን የመለወጥ ወይም ከቤቱ ሆኖ የመሥራት መብት አይደለም፤ ይህ እንዲፈቀድለት አሠሪውን የመጠየቅ መብት ነው እንጂ። መጠየቅንማ ድሮስ ማን ከልክሎት ያውቃል?

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ መጠየቅ ከማንም በላይ ብዙ እናውቃለን። ደጅ ጥናት የሚለው ቃላችን ራሱ የአንድ ሙሉ ሥርዓት ስም ነው። ባለጉዳዩ በጌታው ደጅ ሳምንትም ወርም አንዳንዴም ዓመታትን ይመላለሳል፤ እጅ ይነሣል፤ የእልፍኝ አስከልካዩን ፊት ያጠናል፤ ቀን ቀንቶት ጉዳዩን ቢያሰማና ቢፈቀድለት የጌታው ቸርነት ነው፤ ባይፈቀድለት ደግሞ ምክንያቱን የሚጠይቅለት የለም። እንግዲህ በዚያ ሥርዓት የጠፋው የመጠየቅ ነፃነት አልነበረም። የጠፋው የተጠየቀው ወገን የመመለስ ግዴታና መልሱን የሚመዝን ሦስተኛ ወገን ነው። የ2002ቱ ሕግ ከእነዚህ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ሰጠ፤ ሁለተኛውን ግን በጠባብ ቀዳዳ ብቻ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ፣ በሆላንድና በአየርላንድ ስለ ርቀት ሥራ የተደረገው የሕግ ክርክር፣ ጫጫታው ሲገፈፍ፣ በዚህች በአንዲት ክፍተት ላይ የተደረገ ክርክር ነው።

ወደ ኋላ ሄደን እንጀምር። ቤትና የሥራ ቦታ የተለያዩት ብዙ ዘመን አይሆነውም። የእንግሊዝ ሸማኔ ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መሣሪያው፣ ነጋዴ ያመጣለትን ክር እየሸመነ ይኖር ነበር፤ የጉለሌና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቻችን ደግሞ ዛሬም ከቤታቸው ይሠራሉ። ቋንቋችን ይህን መለያየት የመዘገበበት መንገድ ይገርመኛል፤ «መሥሪያ ቤት» እንላለን፣ ለሥራ ብቻ የቆመ ሌላ ቤት ማለታችን ነው። የፋብሪካው ደወልና የሰዓት መቆጣጠሪያው ሰውን ከቤቱ አውጥተው ወደዚያ ሌላ ቤት ወሰዱት። ነገር ግን ሁሉንም አልወሰዱም። በተለይ ሴቶቹ ቀሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ርቀት ሥራ ዛሬ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ታሪኩን ከኮምፒውተር ይጀምራልና። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በእንግሊዝ «ከቤት መሥራት» የሚለው አነጋገር የመከራ ስም ነበር። በ1906 ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በለንደን ኩዊንስ ሆል ባዘጋጀው ትርኢት፣ በየጓዳቸው ልብስ የሚሰፉ፣ የክብሪት መያዣ የሚያጣብቁ፣ አዝራር የሚተክሉ ሰዎች ሥራቸውንና የሚከፈላቸውን ሳንቲም ለሕዝብ አሳዩ። ክራድሊ ሂዝ በተባለችው የመካከለኛው እንግሊዝ ከተማ ደግሞ ሴቶች በመኖሪያቸው ጓሮ ባቆሙት ትንሽ የብረት ማቅለጫ፣ ሕፃናታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሰንሰለት ይቀጠቅጡ ነበር። አለቃ በላያቸው አይቆምም፤ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት የለም፤ ልጃቸውን እያዩ ይሠራሉ። ዛሬ የርቀት ሥራ በረከት ብለን የምንዘረዝራቸው ነገሮች ሁሉ ነበሯቸው ማለት ነው። ያልነበራቸው ዋጋ የመደራደር ኃይል ነበር። ከቤት የሚሠራ ሰው ብቻውን ነው፤ ጎረቤቱ በስንት እንደ ተዋዋለች አያውቅም፤ ነጋዴው ግን የሁሉንም ያውቃል።

መፍትሔው በ1909 መጣ። በዚያ ዓመት የወጣው የሙያ ቦርዶች ሕግ ለአራት ሙያዎች ማለትም ለልብስ ስፌት፣ ለካርቶን ሥራ፣ ለዳንቴልና ለሰንሰለት ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስኑ ቦርዶችን አቋቋመ። በቦርዱ ላይ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች በእኩል ቁጥር ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ከሁለቱም ያልሆኑ ገለልተኛ ሰዎች አሉ። የሰንሰለት ቦርዱ ለሴቶቹ በሰዓት ሁለት ፔንስ ተኩል ወሰነ። አሠሪዎች ግን በሕጉ ውስጥ የነበረችውን የስድስት ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ ተጠቅመው፣ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉትን ሴቶች «ዝቅተኛውን ክፍያ ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ማስፈረም ያዙ። በሜሪ ማካርተር የተመሩት ሴቶች ከነሐሴ እስከ ጥቅምት 1910 ሥራ አቆሙ፤ አሸነፉም። የሙያ ቦርዱ ሕግ ስለ ቦታ አንዳች አልተናገረም፤ ሴቶቹ በጓሯቸው ይሥሩ ወይስ በፋብሪካ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፤ በአሠሪውና ብቻዋን በቆመችው ሠራተኛ መካከል ሦስተኛ ወገን አስገባ።

ይህ ታሪክ የሠራተኛ ማኅበራት ለቤት ሥራ ለረጅም ጊዜ ጀርባቸውን የሰጡበትን ምክንያት ያስረዳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 ቁጥር 177 የተባለውን የቤት ሥራ ስምምነት ሲያጸድቅ ዋና ሐሳቡ ከቤት የሚሠራው ሰው ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ይታይ የሚል ነበር፤ ከቤት የመሥራት ምርጫ ይሰጠው የሚል አልነበረም። ስምምነቱን ካጸደቁት ጥቂት አገሮች ቀዳሚዎቹ ፊንላንድና አየርላንድ ናቸው። ኢትዮጵያ አላጸደቀችውም።

የኮምፒውተሩ ምዕራፍ የተጀመረው በሌላ በር ነው። በ1973 ጃክ ኒልስ የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ሠራተኛውን ወደ ሥራው ከማመላለስ ይልቅ ሥራውን በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው መላክ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ተነሣ። የነዳጅ ቀውስ ዘመን ነበርና ሰሚ አገኘ። የሚያስቀው ግን፣ በሎስ አንጀለስ በአንድ የመድን ድርጅት ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ሠራተኞቹን የላካቸው ወደ ቤታቸው ሳይሆን በመኖሪያቸው አቅራቢያ ወደ ተከፈቱ ንዑስ ቢሮዎች ነበር። በዚያን ጊዜ ጉዳዩ የመንገድ መጨናነቅና የቤንዚን ጉዳይ ነው፤ የመብት ጉዳይ መሆኑን ያነሣ የለም።

የመብቱን ጥያቄ ያነሡት እናቶች ናቸው፤ መሣሪያቸውም በ1975 የወጣው የእንግሊዝ የጾታ አድልዎ ሕግ ነበር። በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የምትሠራ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ ስትመለስ በግማሽ ቀን እንድትሠራ ጠየቀች። ሚኒስቴሩ የቅጥር ውልሽ የሙሉ ቀን ነው ብሎ መለሰላት። ከሰሰች። የይግባኝ ችሎቱ በ1984 በሰጠው ፍርድ «ሁሉም ሙሉ ቀን ይሥራ» የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል ቢመስልም የልጅ አስተዳደግ ሸክም በሴቶች ላይ የተጫነ እስከ ሆነ ድረስ ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ሊሆን ይችላል አለ። ልብ በሉ፤ በዚህ መንገድ አሠሪው እምቢ ሲል ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልገው ዳኛ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበረበት። መንገዱ ግን ጠባብ ነው፤ አድልዎን ማረጋገጥ ይጠይቃል፣ ጠበቃ ይጠይቃል፣ ድፍረት ይጠይቃል። ልጁን ማሳደግ ለሚፈልግ አባትም እምብዛም አይሆንም።

የቶኒ ብሌር መንግሥት በታኅሣሥ 2000 ስለ ወላጆችና ሥራ የውይይት ሰነድ ሲያወጣ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ሐሳቦች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበራትና የእናቶች ተሟጋቾች እውነተኛ መብት ፈለጉ፤ አሠሪዎች ምንም ሕግ አልፈለጉም። በተከታዩ ዓመት የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሯ ፓትሪሺያ ሂዊት በፕሮፌሰር ጆርጅ ቤይን የሚመራ ግብረ ኃይል አቋቋመች። ቤይን የመጀመሪያው የዝቅተኛ ደመወዝ ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበረ፣ ሁለት ወገኖችን በማስማማት የሚታወቅ ሰው ነው። በኅዳር 2001 የቀረበው ሪፖርት ያመጣውም ያው ስምምነት ነው፤ ሠራተኛው ይጠይቅ፣ አሠሪው በቁም ነገር ያስብበት።

ሕጉ ከሚያዝያ 6 ቀን 2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ወይም ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለው፣ ሃያ ስድስት ሳምንት ያገለገለ ሠራተኛ ስለ ሦስት ነገሮች መጠየቅ ይችላል፤ ስለ ሥራ ሰዓቱ መጠን፣ ስለሚሠራበት ጊዜ፣ እንዲሁም ከቤቱና ከአሠሪው ቦታ በየትኛው እንደሚሠራ። ይህች ሦስተኛዋ ሐረግ ብዙ ሰው ፈጣን ኢንተርኔት በቤቱ ባልነበረበት ዘመን በሕጉ ውስጥ ተጽፋ ተቀመጠች፤ ለአሥራ ሰባት ዓመታት ያህልም የሚያስታውሳት እምብዛም አልነበረም። አሠሪው እምቢ ማለት የሚችልባቸው ምክንያቶች ስምንት ናቸው፤ ተጨማሪ ወጪ፣ የደንበኛን ፍላጎት ማሟላት አለመቻል፣ ሥራውን ለሌሎች ማከፋፈል አለመቻል፣ ተጨማሪ ሰው መቅጠር አለመቻል፣ የጥራት መጓደል፣ የሥራ ውጤት መጓደል፣ በተጠየቀው ጊዜ በቂ ሥራ አለመኖር፣ የታቀደ የመዋቅር ለውጥ። እስቲ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን መጥቀስ የሚያቅተው አሠሪ በዓለም ላይ ይኖር እንደ ሆነ አስቡ። ችሎቱ ደግሞ ምክንያቱ ሚዛናዊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም። የተፈቀደለት ሥነ ሥርዓቱ መጠበቁንና ውሳኔው በተሳሳተ ፍሬ ነገር ላይ አለመመሥረቱን ማየት ብቻ ነው።

ይሁንና ያች ጠባብ ቀዳዳ ከተጠበቀው በላይ ጠቀመች። በአንድ የትምህርት መጫወቻዎች ሻጭ ድርጅት መጋዘን ውስጥ የምትሠራ አንዲት አያት የልጅ ልጇን የማሳደግ ሕጋዊ ኃላፊነት ተቀበለችና በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለመሥራት ጠየቀች። ድርጅቱ የመጋዘኑ የሥራ ውጤት ይጎዳል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት ሲወጣ የቡድን መንፈስ ይጠነክራል ብሎ ከለከላት። ጉዳዩ በ2005 ይግባኝ ችሎት ሲደርስ ዳኞቹ እንዲህ ያለ መርሕ አስቀመጡ፤ የአሠሪው ውሳኔ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ማለት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው ይጎዳል ካለ፣ በእርግጥ ይጎዳ እንደ ሆነ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ምን እንዳሉ፣ የጎደለው ሰዓት መሸፈን ይችል እንደ ነበር መመርመር እንችላለን። ማስረጃ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ሴትዮዋ ረታች። ክርክሩ ስለ ሰዓት እንጂ ስለ ቦታ አልነበረም፤ የሕጉ አንቀጽ ግን አንድ ነው፤ ውሃ የማያነሣ ምክንያት በምርመራ ሊወድቅ እንደሚችል ያኔ ታየ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ በየጊዜው ሰፋ። በ2007 አዋቂ በሽተኛ የሚያስታምሙ፣ በ2009 እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያላቸው ተጨመሩ፤ ከሰኔ 30 ቀን 2014 ጀምሮ ማንኛውም ሃያ ስድስት ሳምንት ያገለገለ ሠራተኛ ምክንያቱን ሳይመርጥ እንዲጠይቅ ተፈቀደ። የተጠያቂው በር እየሰፋ ሲሄድ የዳኛው በር ግን እንደ ነበረ ቆየ። የመጠየቅ መብት ብቻውን ዋጋ የለውም ለማለት አልደፍርም። ሕግ ስለ ተጻፈ ብቻ ይሉኝታው የቀረላቸው፣ አለቃቸው ቢሮ ገብተው «ሕጉ ይፈቅድልኛል» ማለት የቻሉ እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ የአብዛኞቹም ጥያቄ ያለ ክርክር ተፈቅዷል። ችግሩ ሁልጊዜ ያልተፈቀደለት ሰው ጋ ነው። ሕግ ደግሞ የሚፈተነው በእሱ ነው።

ሆላንዶች በሌላ መንገድ ሄደው ነበር። ከሐምሌ 2000 ጀምሮ የሠራው ሕጋቸው የሥራ ሰዓቱን ለመቀነስ ወይም ለመጨመር የጠየቀ ሠራተኛ፣ አሠሪው ከባድ የድርጅት ጥቅም የሚነካ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር፣ ይፈቀድለት ይላል። የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ነው፤ ዳኛውም ፍሬ ነገሩን ያያል። ከጥር 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ተከታዩ ሕግ የሥራ ቦታንም ጨመረ፤ ነገር ግን ለቦታ የሰጠው ጥበቃ እንደ ሰዓቱ አይደለም። አሠሪው ጥያቄውን ማሰብና ከሠራተኛው ጋር መነጋገር ብቻ ይበቃዋል። አንድ ሕግ፣ ሁለት ሚዛን። ስቴቨን ፋን ቬይንበርግና ሴና ማቱግ የተባሉ ሁለት የፓርላማ አባላት ይህን ልዩነት ለማጥበብ ያቀረቡት ረቂቅ በሐምሌ 2022 በታችኛው ምክር ቤት አለፈ። የውጭው ዓለም ጋዜጦች ሆላንድ ከቤት መሥራትን መብት አደረገች እያሉ ጻፉ። የላይኛው ምክር ቤት ግን በመስከረም 26 ቀን 2023 ጣለው። የመጀመሪያውን ዜና ያነበቡት ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛውን ያነበቡት ጥቂት።

በሁለቱ የሆላንድ ቀኖችና ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ መካከል የቆመው ነገር ኮሮና ነው። ስለ ወረርሽኙ ዘመን ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥታት በ2020 «ከቤት ሥሩ» ሲሉ መብት አልሰጡም፤ ትእዛዝ ነው የሰጡት። ትእዛዝ ሲነሣ ምንም አይተርፍም። በጀርመን የሥራ ሚኒስትሩ ሁበርቱስ ሃይል በዚያው ዓመት በጥቅምት ለእያንዳንዱ ሥራው የሚፈቅድለት ሠራተኛ በዓመት ሃያ አራት የቤት ሥራ ቀናትን የሚሰጥ ሕግ አቀረበ፤ በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያሉት ሸሪኮቹ አገዱት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው መንግሥት አሠሪዎችን ሠራተኞቻችሁን ከቤት አሠሩ ብሎ በጊዜያዊ ደንብ አስገደደ፤ ግዴታው ተነሥቶና ተመልሶ በመጨረሻ በመጋቢት 2022 ቀረ። ለበሽታው የሚቻለው ነገር ለሠራተኛው ሲሆን አይቻልም ተባለ ማለት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የአየርላንድ ጉዳይ ይመስለኛል። በጥር 2022 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሊዮ ቫራድካር ለብቻው የቆመ የርቀት ሥራ ረቂቅ ሕግ አወጣ። ረቂቁ አሥራ ሦስት የመከልከያ ምክንያቶችን ዘረዘረ። ማኅበራቱ ተንጫጩ፤ ይህ የመጠየቅ መብት ሳይሆን የመከልከል መብት ነው አሉ። መንግሥትም ሰማቸው፤ ረቂቁን ተወና ጉዳዩን በ2023 በወጣው የሥራና የሕይወት ሚዛን ሕግ ውስጥ አስገባው። አሥራ ሦስቱ ምክንያቶች ጠፉ። በቦታቸው የተተካው ግን አሠሪው የራሱንና የሠራተኛውን ፍላጎት አይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ ይመልስ የሚል ነው፤ ምክንያቱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ሳይዘረዝር። ዝርዝሩ ሲጠፋ እምቢታው ሰፋ እንጂ አልጠበበም! ከመጋቢት 7 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪው በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ካስፈለገም በስምንት፣ መመለስ አለበት። ክርክሩን የሚያየው የሥራ ቦታ ግንኙነት ኮሚሽን ግን የውሳኔውን ፍሬ ነገር እንዳይመረምር ሕጉ ራሱ ከልክሎታል። በዚያው ዓመት ቲክቶክን የከሰሰች አንዲት የዳብሊን ሠራተኛ ይህንኑ ሰማች፤ ዳኛው ሥነ ሥርዓቱን እንጂ እምቢታውን መመዘን አልችልም አላት።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የለንደን የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን አንዲት ከፍተኛ ኃላፊ ሙሉ በሙሉ ከቤቷ ለመሥራት ጠየቀች። መሥሪያ ቤቱ ሥራዋ የተመሰገነ መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን አዳዲስ ሠራተኞችን በአካል ማግኘት፣ ማሠልጠን፣ ስብሰባ ላይ መገኘት ይጎድላል አለ። ችሎቱ ውሳኔው በተሳሳተ ፍሬ ነገር ላይ አልተመሠረተም ብሎ ተቀበለው። የተፈረደላት አሠሪው መልሱን ከቀነ ገደቡ አሳልፎ በመስጠቱ ብቻ ነው፤ የአንድ ሳምንት ደመወዝ፣ 643 ፓውንድ። ዳኛው ተሳስቷል አልልም፤ ሕጉ የሰጠው ሚዛን ይኸው ነውና። ከሚያዝያ 6 ቀን 2024 ጀምሮ ሠራተኛው ከመጀመሪያው የሥራ ቀኑ አንሥቶ፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪውም ከመከልከሉ በፊት ማነጋገር፣ በሁለት ወር ውስጥም መወሰን አለበት። ስምንቱ ምክንያቶች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። በጥቅምት 2024 የሌበር መንግሥት ያቀረበው የሥራ መብቶች ረቂቅ ነው እምቢታው ራሱ ምክንያታዊ ይሁን የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው። ረቂቁ በታኅሣሥ 2025 ጸድቆ ሕግ ሆኗል። ከ2001 የቤይን ሪፖርት እስከዚህች አንዲት ቃል ሃያ አራት ዓመት ፈጀ።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች የእኛስ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የፌዴራል ሕጉ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በጠቅላላው እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በታኅሣሥ 2010 የወጣው የርቀት ሥራ ሕግ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ እንዲያወጡና ማን ብቁ እንደ ሆነ እንዲለዩ አዘዘ፤ ለሠራተኛው ግን የሚከሰስበት መብት አልሰጠም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 20 ቀን 2025፣ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ሁሉም ወደ ቢሮው ይመለስ የሚል ትእዛዝ ሲፈርሙ የዋሺንግተንና የአካባቢዋ የፌዴራል ሠራተኞች፣ የእኛም ወገኖች ጭምር፣ በፈቃድና በመብት መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ቀን ተማሩ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሕጋችን ስለ ቤት ሥራ ፈጽሞ ዝም ብሏል የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 377 ውስጥ የነበረው፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1156ም የቀጠለው፣ ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር፣ በደመወዝ ስለሚሠራው ሥራ የተደነገገ ልዩ ውል አለ። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ የሚረከብበትን ጊዜ መዝግቦ እንዲይዝ ይገደዳል። ድንጋጌው መንፈሱ የክራድሊ ሂዝ ነው፤ ልብስ ሰፊዋን፣ በቁጥር የምትከፈለውን አስቦ የተጻፈ። ቢሮ ተቀጥሮ «በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቴ ልሥራ» ለሚለው የባንክ ሠራተኛ ግን የሚለው የለም፤ የመጠየቅ መብት እንኳ አይሰጠውም። በነገራችን ላይ፣ የሰው ቤት የሥራ ቦታዋ የሆነላት የቤት ሠራተኛ ከዚሁ አዋጅ ውጭ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ትታያለች ተብላ ነው የተተወችው። ከቤት ስለ መሥራት በምናወራበት ጊዜ እሷን መርሳት አይገባም።

እኛም የትእዛዝ ዘመናችን ነበረን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በተገኘ በቀናት ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተነገራቸው። ሦስት ወር አለፈ። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አንሥቶ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ተቋርጦ ቆየ። ከቤትህ ሥራ ያለው መንግሥት፣ ከቤት የሚሠራበትን መስመር የያዘውም መንግሥት። በዚያን ጊዜ ስልክ አንሥቶ አቤት ለማለት የሞከረ የሒሳብ ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ የትኛው ችሎት ይሰማው ነበር? የርቀት ሥራ ሕግ በአዲስ አበባ ሲጻፍ የሚገባበት ጥያቄ ለንደንና ዳብሊን ያላሰቡት ነው፤ የሥራ ቦታው መስመር ከሆነ መስመሩን የሚዘጋው ወገን ለማን ምክንያት ይሰጣል?

አዲስ ሕግ እስኪመጣ የግድ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር በኅብረት ስምምነት ስለ ሥራ ሁኔታዎች እንዲደራደር ይፈቅዳል፤ የኅብረት ክርክር ደግሞ ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ ሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ መድረስ ይችላል። ቦርዱ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ወኪሎች አብረው የሚቀመጡበት ነው። የባንክ፣ የመድንና የቴሌኮም ሠራተኞች ማኅበራት በሚቀጥለው ድርድራቸው ላይ የሥራ ቦታን አንድ አንቀጽ አድርገው ቢያቀርቡ፣ «ጥያቄው ሲቀርብ አሠሪው በዚህን ያህል ቀን በጽሑፍ ይመልሳል፤ እምቢታው በጋራ ኮሚቴ ይታያል» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢያስገቡ፣ የእንግሊዝ ሠራተኛ ለሃያ አራት ዓመታት የጠበቀውን ቃል ያለ ፓርላማ ያገኙታል።